አምበሉ ሉቺያኖ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ገና ማለፋቸው ነው፤ አዲስ አበባ ግን በዓሉ ያላለቀ ይመስል ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ጎረፈች። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት፤ በ1949 ካርቱም ላይ፣ በ1951 ደግሞ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን በተመሳሳይ 4 ለ 0 ያሸነፈች።

ጨዋታው ብዙ ተተርኮለታል። ባዳዊ ሁለት ጊዜ ግብፅን መሪ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀር አማካዩና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ አገባ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። 4 ለ 2።

ብዙም የማይወራው ዋንጫውን ማን ይቀበል በሚለው ጉዳይ ተነሣ የሚባለው ክርክር ነው።

ዋንጫውን የሚሰጡት ጃንሆይ ናቸው፤ የሚቀበለው አምበሉ። ሉቺያኖ ደግሞ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ የተወለደ ክልስ ነው። እሱ በተወለደ ሁለት ወር ሳይሞላ የፋሺስት ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ተሻገረ። ያሳደገችው እናቱ ናት፤ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ላይ ሳይቀር የሚጠራው እሷን ነው። ልጅነቱን «የጣሊያን ልጅ» በሚል ስድብ አሳለፈ፤ መካኒክነት ተማረ፤ ከአስመራ ሜዳዎች ተነሥቶም ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ። ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ገና ሃያ ዓመት አልፎ ነበርና በስታዲየሙ ከታደሙት መካከል የጣሊያንን ቦምብና መርዝ ጋዝ በዓይናቸው ያዩ አይጠፉም።

እንደሚተረከው፣ አንዳንድ ሹማምንት የወራሪው ልጅ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበሉ አልተዋጠላቸውም። ወንድማማቾቹ ስማቸውን ወደ ሐበሻ ስም እንዲለውጡ፣ አምበልነቱም ለሌላ ተጫዋች እንዲሰጥ ተፈለገ። እምቢ ያሉት አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው ይባላል። ትረካው በዋናነት ከሉቺያኖ ወገን የመጣ ስለሆነ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አያስገርምም። ነገር ግን ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሩ የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ ከሜዳ ለማራቅ የታገሉ ሰው ናቸው። በደም ቆጠራ ሰውን ከቡድን ማስወጣትን በ1964 የተቃወሙ ሰው በ1954ም ይቃወሙታል ቢባል ከባሕርያቸው አይርቅም። ደግሞም ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው፤ ሉቺያኖ በሚለው ስሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአሰልጣኝነት ዘመኑ ፈገግ የሚያሰኝ አይደለም። ብሔራዊ ቡድኑን ይዟል፤ ለቋል፤ ተመልሷል። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ከባለሥልጣናቱ ጋር መስማማት ስላልቻለ በ1970 ዓ.ም. ግድም በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ መኪና እየጠገነ፣ ሕፃናትን ኳስ እያስተማረ ኖረ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። የአባቱ አገር ሰው ነው ተብሎ የተጠረጠረው አምበል የአባቱን አገር መኖሪያ ያደረገው ኢትዮጵያን ለቅቆ ሲሰደድ ነው።

ዛሬም በአገራችን ስታዲየሞች ተጫዋች በብሔሩ ሲሰደብ ይሰማል፤ ክለቦች በዚሁ ጠብ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ የተደረገበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። አርባ ምንጭ ግን እንዲህ ያለ ጠብ ሊበርድ እንደሚችል የራሷ ምስክር አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ጫኖ ላይ አይሱዙዎች ሙዝ ሲጭኑ፣ ከእርሻው ጥግ በባዶ እግራቸው ኳስ የሚያባርሩ ልጆች ነገ የአዞዎቹን፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ክለብን፣ ማሊያ ለመልበስ ያልማሉ። የጫኖና የአርባ ምንጭ የታዳጊ አሰልጣኞች ሆይ፣ ለእነዚህ ልጆች የመንግሥቱ ወርቁን ግብ ስትተርኩላቸው ከእሷ በፊት 84ኛው ደቂቃ ላይ ማን እንዳገባ፣ ዋንጫውንም ማን እንደተቀበለ አብራችሁ ንገሯቸው።