የጊዜ ጉርሻ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ የወር መጨረሻ። ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ቆሟል። ሻጯ ደረሰኝ ልትቆርጥለት ስሙን ትጽፋለች፤ ፊደሉ ግን ስክሪኑ ላይ አልወጣ አለ። ማሽኑ አልተበላሸም። የሒሳብ መዝጊያው ሪፖርት ፕሮሰሰሩን ይዞት ነው።

ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገን ቃል በእንግሊዝኛ «ታይም ስላይስ» ወይም «ኳንተም» ይባላል፦ አንድ ሥራ ተራው ሲደርስ በፕሮሰሰሩ እንዲጠቀም የሚፈቀድለት የጊዜ ጣሪያ። «የጊዜ ቁራጭ» ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን «የጊዜ ጉርሻ» እንበለው እላለሁ። ቁራጭ የሚነግረን መቆረጡን ብቻ ነው። ጉርሻ ግን አጉራሽ አለው፣ ተራ አለው፣ መጠን አለው። አጉራሹ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ለአስተናጋጅ የሚተውም ገንዘብ ጉርሻ ስለሚባል «የጊዜ» የሚለው አይቅር።

ፈርናንዶ ኮርባቶ እና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤም አይ ቲ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በተራ ሲያስተናግድ አሳዩ። ጥያቄው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመጠን ነው። ጉርሻው ካነሰ ፕሮሰሰሩ አንዱን ሥራ አንሥቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ ጊዜው ይባክናል፤ ከበዛ ተራ ጠባቂው ይሰለቻል።

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ኤኤስ/400 የንግድ ኮምፒውተር መነሻ ልኮች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሰው ፊቱ ተቀምጦ ለሚሠራው ሥራ ጉርሻው 2,000 ሚሊሰከንድ፣ ቅድሚያው 20 ነው። ከኋላ ለሚሄደው ባች ሥራ ጉርሻው 5,000፣ ቅድሚያው 50 ነው፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። ደረሰኝ ከ2 ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ጉርሻውን ሳይጨርስ ይነሣል። በዚያው ስክሪን ከባድ ፍለጋ የከፈተ ሰው ግን 2 ሰከንዱ ሲሞላ እኩዮቹ ወደሚጠብቁበት ሰልፍ መጨረሻ ይመለሳል። ሪፖርቱ ትልቅ ይጎርሳል፣ ነገር ግን ሌሎቹ ፋታ ሲሰጡት ነው። ነገሩ የድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ነጋዴ የጅምላ ገዢው ጆንያ እስኪሞላ አንድ መደብ ቲማቲም ለሚፈልገው ቶሎ ሰጥታ እንደምትሸኘው ነው።

ዊንዶውስም ይህ ምርጫ አለው፤ በአፈጻጸም ቅንብሩ ውስጥ «ፕሮግራሞች» ወይም «የጀርባ አገልግሎቶች» ይላል። የመጀመሪያው አጭር ጉርሻ ይሰጥና ፊት ለፊት የተከፈተውን ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ለሁሉም ረጅምና እኩል ያጎርሳል። ለሽያጭ ባንኮኒ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት ቅድሚያውንና ጉርሻውን ማየት ይገባል። ሪፖርቱ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ባንኮኒው ፊት ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም።