ማዕርግ በስንት ነጥብ?

እኛ አገር ተራራ እንኳ ማዕርግ አለው። የስሜኑን ቁንጮ «ራስ ደጀን» ብለን ነው የምንጠራው። ከደባርቅ ተነሥቶ በእግሩ ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው ሳንካበር አድሮ፣ ግጭንና ጨነቅን አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ የወረደውን ያህል እንደገና ወጥቶ ነው ከ4,500 ሜትር በላይ ከተቀመጠው ራስ ፊት የሚቆመው። ደጅ ሳይጠኑ ራስ ዘንድ መግባት ድሮም አልነበረ!

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ተራራ አይደለም፤ ስለ ጌም ነው። አትሳቁብኝ።

አንድ ጊዜ ደባርቅ ባረፍኩበት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ለቱሪስት በቅሎ ያከራያል። ልጁ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጓደኛው በተዋሰው አሮጌ ላፕቶፕ «ኦብሊቪየን» የሚባል ጌም ይጫወታል። እናቱ «ዓይኑ ሊጠፋ ነው፣ ፈተናው ደርሷል፣ ምከርልኝ እስቲ» ቢሉኝ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሌቨል አሥራ ዘጠኝ ገባሁ እኮ!» አለኝ።

«ገብተህስ?»

«ማኅበሩ ደግሞ አንድ ግዳጅ ሰጥቶኛል። እሱን ስጨርስ ማዕርጌ ያድጋል።»

ሲያስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ተጫዋቹ የሚጀምረው እስር ቤት ውስጥ፣ ባዶ እጁን ነው። ከዚያ ሲወጣ ሰፊ አገር ይጠብቀዋል፤ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ሰይፍ በመዘዘ ቁጥር የሰይፍ ችሎታው፣ በሮጠ ቁጥር የሩጫ ችሎታው ይጨምራል። ችሎታው ሲጠራቀምለት ተኝቶ ይነሣና ደረጃው ከፍ ይላል። በየከተማው የተዋጊዎችና የአስማተኞች ማኅበራት አሉ። አባል የሆነ ሰው ግዳጅ ይቀበላል፤ ግዳጁን የፈጸመ ከተራ አባልነት እየተነሣ እስከ ማኅበሩ አለቃነት ድረስ ይወጣል።

«ዘመድ አያስፈልግም?» አልኩት።

«ጌም ላይ ምን ዘመድ አለ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ።

እኔን ወደ ታሪክ የመለሰችኝ ይህች መልስ ናት።

የዚህን ጌም የዘር ሐረግ ብንቆጥር በ1974 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ ላይ እንደርሳለን። በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት ነው። እርሱም በተራው የወጣው ከጦር ሜዳ ጨዋታ ነው፤ የፕሩሲያ መኮንኖች ከ1820ዎቹ ጀምሮ ካርታ ዘርግተው ጦርነትን እየተጫወቱ ይሠለጥኑ ነበር። በእነ ጋይጋክስ የመጀመሪያ ደንብ ነጥብ የሚገኘው በዋናነት በሁለት ነገር ነበር፦ በገደሉት ጭራቅና ባገኙት ወርቅ። ተዋጊው ዘጠነኛ ደረጃ ሲገባ «ሎርድ» ይባላል። ግንብ ይሠራል፤ በግንቡ ዙሪያ ያለውን ሰው ያስገብራል።

በግዳይና በምርኮ ማዕርግ መቁጠር! ይህን እንኳን ለጎንደር ሰው!

የእኛን መሰላል እንየው። ባላምባራስ የአምባ አዛዥ ነው። ግራዝማች ግራውን፣ ቀኝአዝማች ቀኙን ይመራል። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል። ደጃዝማች የደጁ አዛዥ ነው። ራስ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነው። ስሞቹ ሲጀመሩ ጌጥ አልነበሩም፤ ሰውየው በሰልፉ ላይ የት እንደሚቆም የሚናገሩ ነበሩ። እያደር ግን ስሙና ሥራው ተለያዩ፤ ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅም ግራዝማች ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱና የመኳንንቱ ማዕርግ እስኪሻሩ ድረስ መሰላሉ በዚሁ መልክ ቆየ።

ይህ መሰላል ሁለት በር ነበረው። አንዱ ትውልድ ነው፣ ሌላው ክንድ። ሁለቱ በሮች ፊት ለፊት የተላተሙት እዚሁ ስሜን ውስጥ፣ ከደባርቅ ማዶ ጃናሞራ ላይ ነው። በትውልዱ በር የገቡት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ስሜንን ከአባታቸው ወገን አግኝተው፣ ትግራይን ጨምረው ይገዙ ነበር። በሌላው በር የመጣው የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው። ዘር የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በረሃ ወርዶ የሸፈተ፣ እናቱን «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቡት የነበረ ሰው መሆኑ ሲነገር ኖሯል። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረው በጋብቻ ሊይዙት ሞከሩ። አልተያዘም። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከውቤ ጋር ገጠመ፤ ውቤ ተማረኩ። በሁለተኛው ቀን ካሳ፣ ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤ ከግብፅ ባስመጧቸው ጳጳስ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተባለ። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያዘጋጇት ለራሳቸው ንግሥ ነበር ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛም ካሳን «እርሳቸው» እንላቸዋለን።

ከቋራ በረሃ እስከ ደረስጌ ዘውድ! ለጌም ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን ጌሙ የማያሳየን ሂሳብ አለ። ማዕርግ በግዳይ ሲቆጠር የነጥቡን ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነው። የዘመነ መሳፍንት ወታደር ደመወዝ የለውም፤ ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነው። ከወገራ በዳባት በኩል እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ያለው አገር የሠራዊት መተላለፊያ ነበር። አንዱ ደጃዝማች እስኪሆን የስንቱ ጎተራ ተሟጠጠ? ይህን ነጥብ ብሎ የያዘ ዜና መዋዕል የለም። ቴዎድሮስ ይህ ስለገባቸው ወታደሩ በደመወዝ እንዲያድር ሞክረው ነበር፤ ሳይሆንላቸው ቀረ። በጦር የወጡበት መሰላል ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አለቀ።

ሂሳቡ የድሮ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ሲደርስ የዛሬው ትውልድም በዓይኑ አይቶታል። ጌም ውስጥ የሞተ ሰው ካቆመበት ይነሣና ይቀጥላል። ጭና ላይ የሞተ ሰው አልተነሣም።

ሌላም መሰላል አለን። ውሻ ከነከሰው የተማሪ ባት በስተቀር ደም የማይፈስበት። የአብነት ትምህርት ቤትን ማለቴ ነው።

የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ሦስት ሦስት ቤት። ከዚያ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት እያለ ይወጣል። ጥላ ፈልጎ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልተገኘ «ተመለስ» ነው። ጓደኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። መወድስ ቤት በአጎት አይገባም፤ አጎት ስምንት ቤት ሊቆጥርለት አይችልም።

በቅኔ ብቻም አያበቃም። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ወደ ሰለልኩላ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይኬዳል። አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከመምህር ወደ መምህር። የደባርቁ ልጅ «ወደ አስማተኞቹ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መጀመሪያ ከሰባት ከተሞች ማኅበራት ድጋፍ ማምጣት አለብኝ» ሲለኝ «አንተ የቆሎ ተማሪ ነህ እንዴ!» ብዬ ያሳቅሁት ለዚህ ነው።

የአውሮፓም የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር እንዲሁ ነበር። ልጁ አናጢ ወይም አንጥረኛ ዘንድ ገብቶ ይማራል። ከዚያ ከአገር አገር እየዞረ ይሠራል። በመጨረሻ አንድ ሥራ ሠርቶ ለማኅበሩ ሊቃውንት ያቀርባል፤ እነርሱ አገላብጠው አይተው «ይበቃል» ካሉ መምህር ይሆናል። «ማስተርፒስ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ፈተና ነው። ጌሞቹ ማኅበራቸውን የቀዱት ከዚህ ልማድ ነው። ነጥባቸውን ከወታደር፣ ማኅበራቸውን ከባለሙያ ወሰዱ ማለት ነው።

የአብነቱም መሰላል ጉድለት አላጣውም። ሴት ልጅ እምብዛም አልወጣችበትም፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ረኀቡም፣ ቅማሉም ብዙ ሰው አስቀርቷል። ነገር ግን ማዕርጉ ከችሎታው ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማዕርግ ከችሎታ ሲለይ ምን ይመስላል? ይህንንም ጌሙ ያሳያል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦብሊቪየን ታናሽ «ስካይሪም» ይባላል። እዚያ ውስጥ አንድ የአስማት ኮሌጅ አለ። ተጫዋቾች ራሳቸው ይሳለቁበታል፤ ምክንያቱም ድግምት እምብዛም ሳይደግሙ፣ በሰይፍ እየቆረጡ ብቻ፣ የአስማት ኮሌጁ አለቃ መሆን ይቻላል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ኮሌጁን የማውቀው መሰለኝ።

በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከመቶ ልጆች ሦስት! እነዚህ ልጆች በአንድ ሌሊት አልደነቆሩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፍናቸው እኛ ነን። መሰላላችን ዓመት ይቆጥር ነበር፤ ዕውቀት አይቆጥርም ነበር። «ተመለስ» የሚል ሰው አልነበረማ! ለሁሉም «እለፍ» ብለን፣ መጨረሻው ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ጣልናቸው።

የልጁ ታላቅ ወንድም ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የደባርቅ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ ባለ በቅሎ በእንግዳ ነው የሚኖረው። ሥራው በተራ ይዳረሳል። ተራ ፍትሕ አለው፤ የማንም ዘመድ አይቀድምም። ግን ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ያስቀምጣል። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ ሁሉንም እኩል አስራበ። ተራ ብቻ ያለው ሰው መጠበቅ እንጂ መውጣት አይችልም።

እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር አንዱ ተራ ይጠብቃል፤ ሌላው ሌቨል ይቆጥራል። ትንሹ ለምን ጌሙ ላይ ተጣበቀ ብዬ ስጠይቅ መልሱን አጠገቡ አገኘሁት። ትናንት የሠራው ሥራ ዛሬ የተቆጠረለት እዚያ ብቻ ነው።

ጌሙን ለማሞገስ አይደለም። በኦብሊቪየን ተጫዋቹ ባደገ ቁጥር ሽፍታውም አብሮት ያድጋል፤ መንገድ ላይ የቆመው ሌባ ሳይቀር ውድ የጦር ልብስ ለብሶ ይጠብቀዋል። ደመወዝ ሲጨመር ቀድሞን ገበያ የሚቆመውን የጤፍ ዋጋ አስታወሰኝ። ሌቨሉም ቢሆን ኮምፒውተሩ ሲዘጋ እዚያው ይቀራል፤ አስማተኛ ነኝ ያለ ልጅ የፊዚክስ ፈተና ላይ ምንም አያመጣም። ወላጅ «ተነሥና አጥና» ማለቱ ትክክል ነው።

ልጁን ከተቆጣን በኋላ ግን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ መሰላል ፊታችን ሲቆም፣ የመሥሪያ ቤት ዕድገትም ይሁን የትምህርት ቤት ውጤት ወይም የሹመት ደብዳቤ፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሚቆጥረው ምንድን ነው? ቆሞ የሚሰማና የሚመዝን ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? የደረስጌው መሰላል ክንድ ቆጠረ፤ ገበሬው ከፈለ። የእኛ ትምህርት ቤት ዓመት ቆጠረ፤ ልጆቹ ከፈሉ። የቅኔ ቤት ችሎታን ቆጠረ፤ የከፈለውም ተማሪው ራሱ ነው፣ በእግሩና በሆዱ።

መወድስ ሊያሰማ የቀረበን ተማሪ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያሳልፍ የቅኔ መምህር እስካሁን አልሰማሁም። እርሳቸው የሚሉት «በል ንገር» ነው።