ወንድምና ጓደኛ በአንድ ማዕበል፦ የሳሌም መኩሪያ ፊልሞች

በቀይ ሽብር ዘመን እርስ በርስ የተፋጁት ሁለቱ ድርጅቶች የተወለዱት እኛ ዛሬ በስደት በምንኖርበት በዚሁ በጀርመን አገር ነው። መኢሶን የኖርድቬስትሽታት የገበያ ማዕከላችን በተከፈተበት ዓመት፣ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) ሐምቡርግ ላይ ተመሠረተ። ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተቋቋመ። መሥራቾቹ አብረው የተማሩ፣ አብረው የበሉ ወጣቶች ነበሩ።

የዚያን ትውልድ ታሪክ በፊልም ካቆዩልን አንዷ ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደው አሜሪካ የኖሩት ሳሌም፣ ቦስተን በሚገኝ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሠሩ በኋላ በዌልዝሊ ኮሌጅ የፊልም ሥራ አስተምረዋል። በመጀመሪያ የጥቁር አሜሪካውያንን ሕይወት፣ በተለይም የደራሲዋን የዶረቲ ዌስትን ታሪክ ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ስደት» ግን ፊቱን ወደ አገር ቤት ሰዎች አዞረ፤ ሱዳን ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ስደተኛ ሴቶች ኑሯቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩበታል። በሱዳን በኩል ያለፈ ሁሉ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚከብደው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው «የወንዝ ማዕበል» ነው። ሳሌም የአብዮቱን ታሪክ ከመሪዎች ሳይሆን ከራሳቸው ቤት ጀመሩ። ወንድማቸው የገባበት ሳይታወቅ ጠፍቷል፤ የልብ ጓደኛቸው ተገድላለች። ፊልሙ ለሁለቱም መታሰቢያ ነው። ማን ትክክል ነበር ብሎ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ፣ አገር ወዳድ ወጣቶች እንዴት ለዚህ በቁ ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ያሳዩት ሥራ ደግሞ በሦስት ምስሎች ጎን ለጎን የሚታይ የቪዲዮ ትርኢት ነበር። ተመልካቹ አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጠዋል። የኢትዮጵያ ታሪክም በአንድ ሰው አንደበት ብቻ ተነግሮ እንደማያልቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በየቤታችን አልበም ውስጥ ልጆቻችን «ይሄ ማነው?» ብለው የሚጠይቁን ፎቶግራፎች አሉ። ብዙዎቻችን ወሬውን ቀይረን እናልፋለን። ሁሉም ፊልም ሊሠራ አይችልም፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ የሟቹን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና የተለየበትን ዓመት መጻፍ ግን ማንም ይችላል። ከየትኛው ወገን እንደነበረ ከመጠየቃችን በፊት ስሙን እናኑር።