ጊፋታን ማን ተሸከመው?

የወላይታ ታሪክ ሲወሳ አዘውትረን የምንሰማው የነገሥታቱን ነው። እገሌ ካዎ ነገሠ፣ እገሌ ካዎ ዘመተ፤ በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ከብርቱ ውጊያ በኋላ ካዎ ጦናን አቁስሎ ማረከ፣ መንግሥቱም አበቃ። ይህ መታወቅ ያለበት ታሪክ ነው። እኛን ግን አንድ ጥያቄ ዕረፍት ይነሳናል፦ ዙፋኑ ከወደቀ በኋላ ጊፋታን እዚህ ያደረሰው ማን ነው?

ጊፋታ የወላይታ የዘመን መለወጫ ነው። ቃሉን አባቶች «መጀመሪያ» ብለው ይፈቱታል። ቀኑን ጨረቃን እያዩ ዘመን የሚቆጥሩ አዋቂዎች ያበሥሩ ነበር፤ ዛሬ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። ከመስቀል ጋር ስለሚጎራበት የሌላ አገር ሰው «የወላይታ መስቀል» ብሎ ያልፈዋል። ባለቤቱ ግን ሁለቱን በዓላት አጎራብቶ ይዟቸው ኖረ።

በዓሉን በዕለቱ ብቻ ያየ ሰው አየሁት አይበል። አባቶች ለሰንጋ መግዣ ዓመቱን ሙሉ በቡድን ገንዘብ ያጠራቅማሉ። እናቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ያለ ቅቤ ሙቹዋም ባጪራም የለማ! ዕዳ ያለበት ይከፍላል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ተይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይገባም። እንጨቱን የሚያመጣው፣ ችቦውን የሚያበራው፣ በጋዚያ ጭፈራ ሰፈሩን የሚያናውጠው ደግሞ ወጣቱ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ቤተ መንግሥት አያስፈልገውም። ጎረቤት ይበቃዋል። የካዎው ግቢ ሲፈርስ በዓሉ አብሮ ያልፈረሰው ለዚህ ይመስለናል።

ወጣቱ ስንል ማንን ነው? መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ስንቱ የወላይታ ልጅ ገና በለጋነቱ አዲስ አበባ ወርዶ ጫማ ጠርጓል! ያ ሊስትሮ መስከረም ሲጠባ ሳንቲሙን ቋጥሮ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከተማው በስሙ የማይጠራው ልጅ በሰፈሩ ባለ በዓል ይሆናል።

ባለፈው ዓመት በእኛ ሰፈር የሆነውን እንናገር። ሰፈራችን ከሶዶ ጓሮ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። አንዲት ባልቴት የሰንጋውን መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ስማቸው ከቅርጫው ዝርዝር ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ይህንን ሲሰሙ፣ «የእማማ መደብ ካልተመደበ እሳቱን አንለኩስም» አሉ። «ልጆች፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» ተባሉ። እንጨቱ ግን በእጃቸው ነበር! ሳንቲም አዋጡ፣ እኛም ከኪሳችን ጨመርን፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁና እሺ አሉ። የእማማ መደብ ወጣ። ያን ሌሊት ከሩቅም ከቅርብም የመጣው ሁሉ በአንድ እሳት ዙሪያ ጨፈረ።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ 1992 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ያዳበለው «ወጋጎዳ» የተባለው መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ፣ በሶዶ ተማሪውና መምህሩ እምቢ አለ። የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ሶዶ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። እምቢ ማለትን የሚያውቅ ወጣት ከየት ተገኘ? እኛ እንደምናምነው፣ አብሮ መቆምን ከልጅነቱ በሰፈሩ እሳት ዙሪያ ተምሮታል።

ዛሬ ጊፋታ በስታዲየም በአደባባይ ይከበራል። ባህላችን መከበሩ ደስ ይለናል፤ ለምን ይከበራል የሚል ከመካከላችን የለም። ሥጋታችን ሌላ ነው። መድረኩ ሲደምቅ ጓሮው እንዳይጨልም፣ ወጣቱም ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ብቻ እንዳይሆን ነው። በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ንግግር የባልቴቷን መደብ አያወጣም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጪው መስከረም ወደ ስታዲየም ከመሄዳችን በፊት በየሰፈራችን የቅርጫውን ዝርዝር እንይ። ስሙ የጎደለ ማን ነው?