የአንድ ቃል ውርደት

ሰው ከክብሩ እንደሚወርድ፣ ከውርደቱም እንደሚነሣ፣ ቃልም እንዲሁ ይወርዳል፤ ይነሣልም። ወጣቶች ሆይ፤ ይህን የሚያስረዳ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ላጫውታችሁ። ቃሉ «ሲሊ» ነው። እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትርጉሙም ቂል፣ ቁም ነገር የሌለው ማለት ነው።

እኔ ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስንቅለበለብ ወይም በከንቱ ስንፈራ በዚህ ቃል ፈገግ ብለው ይገሥጹን ነበር። በእርግጥም ቃሉ በእንግሊዞች አፍ ከባድ ስድብ አይደለም። ደደብ ለማለት ሌላ ቃል አላቸው፤ በዚህኛው ግን እናት ልጅዋን፣ ወዳጅም ወዳጁን እያቆላመጠ ይገሥጽበታል። ፓርላማ ተዘግቶ ትልቅ ወሬ ሲጠፋና ጋዜጣው በተራ ነገር ሲሞላ፣ ያን የነሐሴ ገደማ ጊዜ ከ19ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ «የሲሊ ወራት» ይሉታል። ክሪኬት በሚባለው ጨዋታቸውም፣ ከኳስ መቺው እጅግ ተጠግቶ የሚቆመው ተጫዋች ስፍራ በዚሁ ቃል ይጠራል።

ይሁን እንጂ ቃሉ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1100 በፊት በሚነገረው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሰሊግ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ደስተኛ፣ የተባረከ፣ እኛ ብፁዕ እንደምንለው ያለ ነበር። የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ ዛሬም «ዜሊኽ» ሲል ብፁዕ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ ደረጃ በደረጃ ወረደ። የተባረከ ሰው ክፋት የለበትምና «ንጹሕ፣ የዋህ» ማለት ሆነ። ክፋት የሌለበት ሰው ይበደላልና «የሚያሳዝን፣ ምስኪን» ማለት ሆነ። ምስኪን ኃይል የለውምና «ደካማ» ተባለ። በመጨረሻም፣ በ16ኛው ምዕት ዓመት፣ ድካሙ ከጉልበት ወደ አእምሮ ተዛወረና «ቂል» ሆኖ ቀረ። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም፣ በትንቢተ ሆሴዕ ማስተዋል የጎደላት ርግብ የተገለጠችው በዚሁ ቃል ነው።

በተቃራኒው ወደ ላይ የወጣም ቃል አለ። ዛሬ ደግና ጥሩ የሚባለው ሰው የሚመሰገንበት «ናይስ» የተባለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ በ1300 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ምንም የማያውቅ ሞኝ ማለት ነበር።

የእኛስ ቋንቋ? «የዋህ» በግዕዝ ገርና ቅን ማለት ነው፤ በወንጌልም ብፁዓን ከተባሉት መካከል የዋሃን ይገኛሉ። ዛሬ ግን በገበያ «እሱ እኮ የዋህ ነው» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይታለላል ማለት ነው። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ቃል በሄደበት መንገድ የእኛም ጉዞ ጀምሯል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አስተማሪ በሆንሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና ወረቀት መለስሁላቸው። አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና፣ «ቲቸር፣ ድምሩ ተሳስቷል፤ 8 ነጥብ በዝቶልኛል» አለኝ። ብደምረው እውነቱን ነው። ማመስገን ሲገባኝ፣ እንደ ድሮ አስተማሪዬ የተጫወትሁ መስሎኝ፣ «ሲሊ ቦይ!» ብዬ ሳቅሁ። ክፍሉም ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። 8ቱ ነጥብ ተቀነሰበት፤ «ሲሊ» የሚል ስም ተጨመረለት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ስሙን ልመልሰው አልቻልሁም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተከተለው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ስንት ጊዜ ድምር ተሳስቻለሁ! «አነሰብኝ» እያለ የሚመጣ ብዙ ነበር፤ «በዛልኝ» ብሎ የመጣ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ የዚህን ቃል አመጣጥ አገኘሁ። መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ቆየሁ። ለካ ያን ልጅ ለመሳለቅ የጠራሁበት ቃል፣ በጥንት ትርጉሙ ለእርሱ የሚገባው ስም ኖሯል!

ቃል በራሱ እግር አይወርድም፤ የምናወርደው እኛው ነን። ደግ ሰው ባየን ቁጥር ከሳቅን፣ የደግነት ስም የቂልነት ስም ይሆናል፤ ስሙ ሲዋረድም ሥራውን የሚሠራ ይጠፋል። የእኔ ክፍል የሆነው ይኸው ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ሳያውቁ መታለል ሞኝነት ሊባል ይችል ይሆናል። ማታለል እየቻሉ አለማታለል ግን ሞኝነት አይደለም። ያ ልጅ ድምሩን ከእኔ ከአስተማሪው ይልቅ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ከጓደኞቻችሁ አንዱ የእርሱ ያልሆነውን ሲመልስ ብታዩ፣ ስም ልታወጡለት አትቸኩሉ፤ ብትችሉ አብራችሁት ቁሙ።