ከጽዋ ማኅበር ወደ ጌታ እራት፦ የትንሽ ወንጌላዊት አጥቢያ ወር በቃላቱ ታሪክ ሲታይ

1. ባለቤት ያላቸው ቀናት

በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ወር ባዶ ቁጥር ሆኖ አያውቅም። ከሠላሳው ቀን ብዙው ባለቤት አለው፤ 5 የአቦ፣ 7 የሥላሴ፣ 12 የሚካኤል፣ 16 የኪዳነ ምሕረት፣ 19 የገብርኤል፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም፣ 29 የበዓለ ወልድ ነው። ሰው ቀጠሮ ሲይዝ «ለሚካኤል»፣ ብድር ሲመልስ «ከማርያም በፊት» ይላል። እነዚህ ስሞች የጸሎት ስሞች ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝባቸው፣ የታመመ የሚጠየቅባቸው፣ የተጣላ የሚታረቅባቸው ቀናት መጠሪያዎችም ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። የቅዱሳንን ወርኃዊ መታሰቢያ የማያከብር ጉባኤ በዚህ አገር ሲመሠረት፣ ወሩ ምን ይሆናል? የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሚስዮናውያን መምጣት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ መተርጐምና በመንግሥታት ተጽዕኖ ዙሪያ ነው። ሠላሳና አርባ ቤተሰብ ያላት ትንሽ አጥቢያ ግን ታሪኳን የምትኖረው በወሩ ውስጥ ነው። የወሯ ቃላት ሲመረመሩ አንድ ነገር ይገለጣል፤ ወንጌላውያን በዓሉን ቢተዉም በዓሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ መተው አልቻሉም። ሥራውን በአዲስ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በአሮጌው ቃል፣ እንደገና ማቋቋም ነበረባቸው።

2. ጽዋውን የመመለስ ነገር

የጽዋ ማኅበር ሥርዐት በደጋው የታወቀ ነው። ዐሥራ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ በየወሩ በዚያው ቀን አንዱ ዳቦውንና ጠላውን አዘጋጅቶ ሌሎቹን በቤቱ ይቀበላል። ካህን ይባርካል፣ ሙሴ የተባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዐቱን ይመራል፣ ጽዋው በመጨረሻ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተራው እስኪዞር ድረስ እያንዳንዱ አባል የሌላው ባለዕዳም ባለመብትም ነው።

ስለዚህ ከማኅበር መውጣት እምነትን ከመለወጥ በላይ ነበር። ስምንት ወር በሌሎች ቤት በልቶ በዘጠነኛው ወር «እኔ ከእንግዲህ በስመ ቅዱስ አልዘክርም» የሚል ሰው፣ በጎረቤቱ ዓይን ሃይማኖቱን የለወጠ ብቻ ሳይሆን የሰው እንጀራ በልቶ የካደ ነው። ሰውዬው የሕሊና ነጻነት ያለውን ነገር ጎረቤቱ የጽዋ ዕዳ ያለው ለዚህ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ነበራቸው፤ የግጭቱ ምሬት የመጣውም ከዚሁ ነው።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰዎች በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን አላሰቡትም ነበር። የፊተኛው ዐሳባቸው መጽሐፍን በሕዝብ ቋንቋ ማስነበብ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶች ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ፤ እርሱም በ1904 ወደ ነቀምት ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተማረ። አንባቢዎቹ ግን መጽሐፉን በየቤታቸው ለማንበብ መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ የሚሰበሰቡበት ቀን ያስፈልግ ነበር፤ ለስብሰባውም ስም።

3. አንድ ሥር፣ ሁለት ቅርንጫፍ

ያ ስም በብዙው ወንጌላዊ አማርኛ «ኅብረት» ሆኖ ጸና። የሴቶች ኅብረት፣ የወጣቶች ኅብረት፣ የጸሎት ኅብረት፣ የቤት ለቤት ኅብረት ይባላል። ተናጋሪዎቹ ቃሉን ከ«ማኅበር» ለይተው ይይዙታል፤ ማኅበር የሌላው ነው፣ ኅብረት የእኛ ነው። የቃላቱ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። «ማኅበር»ም «ኅብረት»ም ኀበረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው፤ በአማርኛ «ተባበረ»ና «አብሮ» የምንላቸውም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። የተጣለውና የተመረጠው ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ነገሩ ከዚህም ያልፋል። በ1959 በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አንዲትን ነጠላ ጉባኤ የምትጠራው «ማኅበረ ምእመናን» ብላ ነው። ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ «አጥቢያ» የሚለውን መርጠዋል፤ ይህም በአንድ ደብር ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብና ሰፈሩን የሚያመለክት የቆየ ቃል ነው። የወንጌላውያን አጥቢያ አባላት ግን ብዙ ጊዜ ከተለያየ ሰፈር ተጠራርተው የሚመጡ ናቸው። ቃሉ ጎረቤትነትን ይናገራል፤ ጉባኤው ጎረቤትነትን ገና ሊሠራው ነው። «ወንድም»ና «እኅት» የሚለው አጠራርም የሚያገለግለው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው። ሆኖም በዕድሜ የገፋውን ሰው ማንም በባዶ ስሙ አይጠራውም፤ በአዳራሹም ውስጥ «ጋሼ» ጋሼ ነው፣ «እትዬ»ም እትዬ ናቸው።

4. የወሩ አካሄድ

የትንሽ አጥቢያ ሳምንት ቀላል ነው፤ እሑድ ጠዋት ጉባኤ፣ በሳምንቱ መካከል የጸሎትና የቃል ጥናት፣ አንድ ቀን የመዘምራን ልምምድ። የወሩ ነገር ግን ጠለቅ ይላል። በአንድ አርብ አዳር ጸሎት ይደረጋል፤ ሌሊቱ በመዝሙርና በምልጃ ይነጋል። በአንድ ቀን ጾም ጸሎት ይታወጃል። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አንድ ስም መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ በዚህ አነጋገር ጾም የምግብ ዐይነት የሚለይበት የታወቀ ወቅት ሳይሆን፣ ስለ አንድ ጉዳይ ከእህልም ከውኃም ተለይቶ መጸለይ ነው። ሴቶች በተራ በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ አስተናጋጇ ቡና ታፈላለች፣ ቆሎና ዳቦ ታቀርባለች፣ ጥቂት ሳንቲም ተዋጥቶ ለወለደችና ለታመመች ይያዛል። ስሙ ኅብረት ነው፤ ተራው፣ ዳቦውና መጠያየቁ ግን ከማኅበሩ ቤት ሩቅ አይደለም። የቀረው ጠላው ነው፤ የተለወጠው ደግሞ የሚጠራው ስም ነው።

በወሩ መጨረሻ የዐሥራት ነገር አለ። በከተማ ደመወዝተኛው ደመወዙ እንደወጣ ከዐሥር አንዱን በፖስታ አድርጎ ያመጣል፤ በገጠር ገበሬው ከምርቱ ይሰጣል፣ የመጀመሪያውን ፍሬም በኩራት ብሎ ያቀርባል። ቃሉ ግን ንጹሕ የመጽሐፍ ቃል ሆኖ ለገበሬው አልደረሰም። ዐሥራት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለሠራዊቱ ስንቅ የተደነገገ፣ እስከ 1967 የግብርና ገቢ ግብር ዐዋጅ ድረስም በገበሬው ላይ የቆየ የመንግሥት ግብር ስም ነበር። ከአውድማ ላይ በገማች ዓይን ተለክቶ የሚወሰድ እህል «ዐሥራት» ይባል በነበረበት አገር፣ በፈቃድ የሚሰጥን መባ በዚያው ስም መጥራት ቀላል አይደለም። ትንሿ አጥቢያ ወንጌላዊዋን የምትቀልበው፣ የጣራዋን ቆርቆሮ የምትገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የቃሉ ትርጕም ከግዴታ ወደ ፈቃድ መዞሩ ለጉባኤው የህልውና ጉዳይ ነበር።

5. እራቱና ሽማግሌዎቹ

የወሩ ጕልላት የጌታ እራት ነው። በብዙ አጥቢያዎች የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለእርሱ ይያዛል። «ቁርባን» የሚለው ቃል በአንዳንዶቹ ዘንድ ቢቀርም፣ በሰፊው የተለመደው «የጌታ እራት» የሚለው ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አልነበረም። በነባሩ ልማድ ከምእመናን ብዙዎቹ የሚቈርቡት በሕፃንነት፣ ከዚያም በተክሊል ወይም በቁርባን ሲጋቡ፣ አለዚያም በእርጅና ነው፤ ጎልማሳው ራሱን አልበቃሁም ብሎ ከሩቅ ይሰግዳል። ወንጌላውያን የተጠመቀ ሁሉ በየወሩ ይውሰድ ሲሉ፣ በሩቅ የነበረውን ጎልማሳ ወደ ማዕዱ አቀረቡት። ዳቦ ይቈረሳል፣ የዘቢብ ጭማቂ በትናንሽ ብርጭቆዎች ይታደላል። መጽሐፍ ቅዱሱም ያንን መጠጫ «ጽዋ» ይለዋል፤ ከማኅበሩ ጋር የተተወው ቃል በዚህ በኩል ተመልሶ ገባ።

ይሁንና በየወሩ መቅረብ ማለት በየወሩ መመርመር ማለትም ነው። በእራቱ ዋዜማ የተጣሉት እንዲታረቁ ይጠራሉ፤ በከባድ ጥፋት የተገኘም እስኪመለስ ድረስ ከእራቱ ይታገዳል። በትንሽ አጥቢያ ውስጥ መታገድ ምስጢር ሆኖ አይቀርም፤ ብርጭቆው በፊቱ አልፎ ሲሄድ ሁሉም ያየዋል። ይህን የሚመሩት «ሽማግሌዎች» ናቸው። ቃሉ የሹመት ስም ከመሆኑ በፊት የአስታራቂ ስም ነበር፤ የባልና የሚስትን ጠብ የሚያበርድ፣ የደም ካሣ የሚቈርጥ፣ ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ነው። ጉባኤው ቃሉን ሲወስድ ሥራውን አብሮ ወሰደ።

የዚህ ጥቅም በወላይታ ጐልቶ ታይቷል። የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን በ1920ዎቹ መጨረሻ ሶዶ ገብቶ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያኑ በ1937 ሲወጡ የተዉት የተጠመቀ ሕዝብ መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ምእመን ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ያጠመቁት፣ ያስተማሩት፣ እራቱን የሰጡትና ጠቡን ያበረዱት የአገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። የውጭ መምህር በሌለበት የወሩ ሥርዐት ቆሞ መቆየቱ ለዕድገቱ ሁሉ ባይሆንም ለጽናቱ አንድ ምክንያት ነው።

6. በሩ ሲዘጋ

ያው ነገር በኋላም ተፈትኗል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተማሪዎች መካከል የተነሣው የሙሉ ወንጌል ጉባኤ ሕጋዊ ዕውቅና ተከለከለ፤ በ1972 በአዲስ አበባ ለጸሎት እንደተሰበሰቡ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ታሰሩ። «ጴንጤ» የሚለው ቅጽል የመጣው ከዚሁ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ የወንጌላውያን ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በደርግ ዘመንም፣ በ1982፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻዎች ተዘጉ፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ።

በዚያን ጊዜ አባላቷ ወደ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ጉባኤው በየቤቱ ወደሚገናኙ የአምስትና የስድስት ሰዎች ቡድኖች ተከፋፈለ። መዝሙሩ በለሆሳስ ሆነ፤ ሰዎቹም አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ አይወጡም ነበር። ለሚጠይቅ ሰው ስብሰባው ልደት ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ቡና ነው። የእሑዱ አዳራሽ ጠፋ፤ በየተራ ቤት የሚከፍተው ባለቤትና በመካከል የሚቈረሰው ዳቦ ግን ቀረ። መንግሥቱ በ1991 ሲወድቅ የአባላቱ ቍጥር ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዕድገት ምእመናኑ የሚሰጡት ምክንያት መንፈሳዊ ነው፤ ከማኅበራዊ ታሪክ አንጻር የሚታከለው፣ ቤትን ቤተ ክርስቲያን የማድረግ ጥበብ ለአገሩ ሰው እንግዳ አለመሆኑ ነው። ጽዋ የሚዞርበት አገር በየተራ መቀባበልን አስቀድሞ ያውቃል።

7. ሬሳው የማን ነው?

የወሩ ሥራዎች ሁሉ የመጨረሻ መለኪያቸው ቀብር ነው። ከደብሩ የተለየ ሰው በደብሩ ግቢ መቀበሪያ ሊከለከል ይችላል፤ የአስከሬን ቦታ ክርክር በወንጌላውያን ትዝታ ውስጥ ከእስር ቀጥሎ የሚነገር ሐዘን ነው። በዚህ በኩል ጉባኤዎቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን እድር አቋቋሙ፤ ሌሎቹ አባሎቻቸው በሰፈሩ እድር እንዲቈዩ መከሩ። የሰፈር እድር ወርኃዊ መዋጮውን እስከከፈሉ ድረስ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ለሁሉም ያወጣል፤ በብዙ ቦታም የጠያቂውን ሃይማኖት አይለይም።

ስለዚህ በአንድ ትንሽ አጥቢያ ውስጥ ያለ ሰው በወር ሁለት መዋጮ ያወጣል፤ አንዱን በፖስታ አድርጎ ለጉባኤው፣ ሌላውን በእድሩ ደብተር ላይ እያስመዘገበ ለሰፈሩ። የመጀመሪያው የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ማን እንደሚሸከመው። ከጽዋ ማኅበር የወጡት አያቶች የተለዩት ከሰፈሩ ጠረጴዛ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው በእድሩ በኩል ወደ ሰፈሩ ተመልሰዋል። ለቅሶ ሲሆን በድንኳኑ በአንድ ወገን መዝሙር ይዘመራል፣ በሌላው ወገን ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ይላል። ሬሳው ሲነሣ ግን ቃሬዛውን የሚይዙት የሁለቱም ወገን ሰዎች ናቸው።