የምርጫ ሕግና የመራጩ ንቃት
ሰፊው ሕዝብ ድምፅ የማይሰጠው ስላልነቃ ነው የምንል ሁሉ የአውስትራሊያን ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1922 ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 60 በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ1924 ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ ሆነ፤ በ1925 ቁጥሩ ከ91 በመቶ በላይ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሕጉ እንጂ ንቃቱ አይመስለኝም።

የእኛስ? በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው፣ ለሴትም ለወንድም፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። ለመመረጥ ግን ንብረት ጠየቀ። ስለዚህ ምንም የሌለው ጭሰኛ መራጭ እንጂ ተመራጭ ሊሆን አልቻለም። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1957ቱ ምርጫ ከቤቱ የቀረውን ገበሬ እኛ ተማሪዎች «ያልነቃ» ስንለው፣ ድምፁ ማንን ከሥልጣን ሊያወርድ ይችል እንደነበር አልጠየቅንም።